900 ዶላር የተባለ የጃፓን ጎራዴ፦ እውነተኛ ነው ወይስ አስመስሎ የተሠራ?

ጠያቂ፦ ሜሪላንድ_ነኝ

ሰላም ለሁላችሁም። እዚህ ሜሪላንድ የአንድ ሟች ሽማግሌ የቤት ዕቃ እየተሸጠ ነው፤ ከዕቃው መሀል አንድ የጃፓን ጎራዴ አለ። ሻጮቹ «የ400 ዓመት የሳሙራይ ካታና ነው» ይላሉ፤ ዋጋው 900 ዶላር። ያየሁትን ልዘርዝር፦

ከጫፉ ጀምሮ ጀርባው ላይ እስካለችው እርከን ድረስ በቀጥታ ሲለካ 66 ሴንቲ ሜትር ነው። እጀታው የዓሣ ቆዳ ለብሶ በላዩ ቡናማ ጥብጣብ ተጠላልፎበታል። አፎቱ ቡናማ ቀለም የተቀባ ብረት ነው፤ የእጅ መከላከያው ነሐስ ሆኖ አበባ አለበት። ስለቱን ይዞ የሚሄድ ነጭ ሞገድ ይታያል። መሀሉ አካባቢ ሁለት የዝገት ነጠብጣቦች አሉ። እጀታውን አላወለቅሁም፤ ሻጮቹ ግን ፈቅደዋል። እንዴት ይወልቃል? ከወለቀስ ምን ልይ? እስከ ቅዳሜ ጊዜ አለኝ።

መልስ፦ ባለሞረዱ

እጀታው ሳይወልቅ የሚሰጥህ መልስ ሁሉ ግምት ነው፤ ስለዚህ ከዚያ እንጀምር።

እጀታው ላይ ከጎን ወደ ጎን ያለፈች የቀርከሃ ችንካር አለች፤ መኩጊ ትባላለች። አንዱ ጫፏ ቀጠን ያለ ነው። በቀጭኑ በኩል የእንጨት ወይም የነሐስ ዘንግ ደግፈህ በትንሽ መዶሻ ቀስ እያልክ ምታት፤ የብረት ሚስማር አትጠቀም፣ ቢንሸራተት ጥብጣቡን ይቀዳል። በጦር ሠራዊት ጎራዴዎች ላይ ችንካሩ ሁለት ሊሆን ይችላል፤ ሁለተኛውን ሳታወጣ ብትታገል እጀታውን ትሰነጥቀዋለህ። ከዚያ እጀታውን ከታች በግራ እጅህ ይዘህ፣ ስለቱን ወደ ላይ ትንሽ አዘንብለህ፣ የግራ አንጓህን በቀኝ ቡጢ ምታ። በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ምት ብረቱ ፈንጠር ሲል ይሰማሃል። ከላላ በኋላ ሀባኪውን (የመዳብ አንገትጌውን) ይዘህ አንሳው። ስለቱን በጨርቅም ጠቅልለህ ቢሆን ይዘህ አትጎትት። ካልወጣ ተወው፤ የእጅ መከላከያውን በመዶሻ መምታት ክልክል ነው። ከመከላከያው ላይና ታች ያሉት ስስ የነሐስ ቀለበቶች ተራ አላቸው፤ አንድ በአንድ ስታወጣ ፎቶ አንሳቸው፣ ሲቀያየሩ እጀታው እንደገና አይገጥምም።

አሁን የምታየው ጭራ ናካጎ ይባላል፤ የጎራዴው መታወቂያ እሱ ነው። ዝገቱን አትጥረግ! በሽቦ ብሩሽ አንዴ የተፈገፈገ ናካጎ የዕድሜ ምስክርነቱ አለቀ፤ ዋጋውም አብሮ ይወርዳል።

የምታየው ይህን ነው። አንደኛ፣ የዝገቱ ቀለም። የ400 ዓመት ጭራ ወደ ጥቁር ያደላ፣ የጠቆረ ቸኮላት የመሰለና ለስላሳ ነው፤ በጣትህ ብትነካው ምንም አይለቅም። ብርቱካናማ ዱቄት ጣትህ ላይ ከቀረ ወይ ውሃ ነክቶታል ወይ በአሲድ እንዲያረጅ ተደርጓል። ሁለተኛ፣ የሞረድ መስመሮቹ። አንጥረኛው ሆን ብሎ በአንድ አቅጣጫ ይሞርዳል፤ የማሽን ዲስክ የተወው ወዲያና ወዲህ የሚል ጭረት ካየህ ዘወር በል። ሦስተኛ፣ ፊርማው። በመሮ የተመታ ፊደል ብረቱን ወደ ጎን ስለሚገፋው የጭረቱ ዳር ከፍ ትላለች፤ በ10 እጥፍ አጉሊ መነጽር ጥርት ብላ ትታያለች። ጥልቀቱ ከዳር እስከ ዳር እኩል ከሆነ ማሽን ነው። የፊደሉ ውስጥ ከዙሪያው ይልቅ ካበራ ደግሞ ጭራው አሮጌ ቢሆንም ፊርማው በኋላ የተጨመረ ነው።

መልስ፦ ዝገት_አልወድም

በርካሽ የሚመረቱትን ቅጂዎች ለመለየት ስለቱም ብዙ ይናገራል።

ነጩ ሞገድ ሀሞን ይባላል፤ ስለቱ በሸክላ ተለብጦ፣ ግሎ ውሃ ውስጥ ሲነከር ጠርዙ ከጀርባው ይበልጥ ስለሚጠነክር የሚፈጠር ነው። የክፍሉን መብራት አጥፍተህ አንድ አምፖል ብቻ ተው። ጫፉን ወደ አምፖሉ አቅና፤ የምታየው የብርሃኑን ነጸብራቅ ሳይሆን ከሱ አለፍ ብሎ ያለውን ቦታ ነው። እውነተኛ ሀሞን ከዚያ ማዕዘን እንደ ጭጋግ፣ ወይም እንደ ደቃቅ የውርጭ ቅንጣት ብቅ ይላል፤ ስታዞረው ይጠፋል። በአሲድ ወይም በሽቦ ብሩሽ የተሣለው ግን ከየትም ብታየው ያው ነጭ ነው።

እዚህ ላይ ግን ብዙ ሰው ይሳሳታል። በዘመናዊው የጃፓን አወላወል ባለሙያው የሀሞኑን ዙሪያ በስስ ድንጋይ ያነጣዋል፤ ሀዶሪ ይሉታል። ስለዚህ ነጭ መሆኑ ብቻውን ጥፋት አይደለም፤ ከነጩ ውስጥ ጭጋጉን ካጣኸው ነው ጥፋቱ።

ቀጥሎ ጫፉን እይ። ሀሞኑ ጫፉ ላይ ደርሶ ወደ ጀርባ መታጠፍ አለበት። ከስለቱ ወደ ጀርባ የምታቋርጠው መስመር (ዮኮቴ) ሁለት ገጽታዎች የሚገናኙባት እውነተኛ ጠርዝ ናት፤ ነጸብራቁ እዚያ ጋ መሰበር አለበት። በቅጂዎቹ ላይ በብርጭቆ ወረቀት የተጫረች መስመር ብቻ ናት።

እንደ ሜዳ አህያ የተዥጎረጎረ «የታጠፈ ብረት» ካየህም ሽሽ። የጃፓን ብረት ድርብርብ መሆኑ እውነት ነው፤ ግን በአሲድ አይጮኽም፣ የእንጨት ጅማት ያህል ረጋ ብሎ ነው የሚታይ። አንድ ነገር ልጨምር፦ በኛ አገር ጎራዴ ላይ በአሲድ የተቀረጸ አንበሳና ጽሑፍ የተለመደ ስለሆነ ዓይናችን ለምዶታል። የጃፓን ስለት ላይ ጌጥ ካለ በመሮ የተቆፈረ ነው፤ በአሲድ የተጻፈ ፊደል ካየህ ሌላ ምርመራ አያስፈልግም።

መልስ፦ የሾዋ_ተማሪ

ብረት አፎትና አበባ ያለው ነሐስ መከላከያ የጃፓን ጦር መኮንኖች ዕቃ ነው፤ በ1934 እና በ1938 የወጡት ሞዴሎች። አበባው ቼሪ ነው። ይህ ልብሱ እንጂ አካሉ አይደለም። መኮንኖች ጎራዴ በራሳቸው ስለሚገዙ ሦስት ዓይነት ስለት ይገጥምሃል፦ የአያቶቻቸው አሮጌ ስለት፣ በዘመኑ በባህላዊ መንገድ የተቀጠቀጠ፣ ከሁሉም የሚበዛው ደግሞ ከፋብሪካ ብረት ተሠርቶ ብዙውን ጊዜ ዘይት ውስጥ የተነከረው ሾዋቶ። (ሾዋ ሲባል የኛ ሸዋ እንዳይመስላችሁ፤ ከ1926 እስከ 1989 የቆየው የሂሮሂቶ ዘመን ስም ነው።)

ጭራው ላይ ከፊርማው አጠገብ ወይም ከፍ ብሎ ትንሽ ማህተም ፈልግ። በክብ ወይም በቼሪ አበባ ቅርጽ የተመታች ከሆነች ሾዋቶ በለው። ባለ ኮከብ ማህተም ግን ሌላ ታሪክ ነው፤ ለጦሩ በባህላዊ ብረት ከሚሠሩ አንጥረኞች የመጣ ስለሆነ ዋጋው ከፍ ይላል።

እጀታው ጥብጣብ ሳይሆን ጥብጣብ መስሎ የተቀረጸ አሉሚኒየም ቢሆን ኖሮ በ1935 የወጣው የበታች ሹማምንት ጎራዴ ነበር። እሱ ስለቱ ላይ ከአንገትጌው አጠገብ ተራ ቁጥር አለው፤ አፎቱም ላይ ያው ቁጥር ይገኛል። በብዛት አስመስለው የሚሠሩት እሱን ነው።

ጠያቂ፦ ሜሪላንድ_ነኝ

አመሰግናለሁ፤ ወለቀ። ችንካሩ አንድ ብቻ ነበር። ጭራው ግራጫ ሆኖ ቦታ ቦታው ቡናማ ነው፣ ጣት ላይ አይለቅም። የሞረድ መስመሮቹ አጋድመው ሄደው ጥርት ብለው ይታያሉ። ቀዳዳ አንድ፣ ፊደል አምስት፣ ከላያቸው ክብ ማህተም። ሀሞኑ በአንድ አምፖል ሲታይ ጭጋግ አለው፣ ጫፉም ላይ ይታጠፋል። የብረት ጅማት ግን ጨርሶ አይታይም።

መልስ፦ የሾዋ_ተማሪ

ሾዋቶ ነው። ግራጫው ጭራ፣ ያልደበዘዘው ሞረድ፣ ማህተሙና ጅማት አልባው ብረት አንድ ቃል ነው የሚናገሩት፤ ወደ 80 ዓመት ገደማ። ቅጂ አይደለም፣ የ400 ዓመትም አይደለም። ለ400 ዓመቱ ወሬ አንድም ዶላር አትክፈል፤ ዋጋውን እንደ ጦርነት ዘመን ዕቃ ተከራከር።

መልስ፦ ባለሞረዱ

እስማማለሁ፤ ከመክፈልህ በፊት ግን አንድ ነገር። በአጉሊ መነጽር ስለቱን ከጫፍ እስከ እግር ሂድበት፤ ከጠርዙ ቀጥ ብላ ወደ ላይ የምትወጣ ፀጉር የመሰለች ስንጥቅ ካለች (ሀጊሬ ይሏታል) አትግዛ። ሸርፎ ቢሆን ይወለወላል፣ ሀጊሬ ግን መድኃኒት የላትም። የዝገት ነጠብጣቦቹ ዋጋ ይቀንሳሉ እንጂ አያሳስቡም። ባለሙያ ለማስወልወልም አትድከም፤ የውልወላው ሂሳብ ከጎራዴው ዋጋ ይበልጣል።

የሠራዊት ልብስ ስላየህ ብቻ ሁሉን አትናቅ የምለው ግን ለሌሎች አንባቢዎች ነው። ከጦርነቱ በኋላ ከጃፓን የጠፋው የቴሩኩኒ ቤተ መቅደስ ጎራዴ፣ በአንጥረኛው ስም ኩኒሙኔ የሚባለው፣ ብሔራዊ ቅርስ የነበረው ማለት ነው፣ አሜሪካ ውስጥ ተገኝቶ በ1963 በሰብሳቢው ዋልተር ኮምፕተን በኩል ወደ ካጎሺማ ተመልሷል።

መልስ፦ ወረቀት_አምጡ

ከጃፓን በኢንተርኔት ለምትገዙ፦ ከጎራዴው ጋር የሚመጣው የምዝገባ ካርድ የሕጋዊነት እንጂ የእውነተኛነት ማስረጃ አይደለም፤ ርዝመቱን፣ የጉብጠቱን መጠን፣ የቀዳዳውን ቁጥርና ፊርማውን ብቻ ይመዘግባል። ሐሰተኛ ፊርማም እንዳለ ይመዘገባል። ምስክር የሚሆናችሁ በ1948 የተቋቋመው የጃፓን ጎራዴ ጥበቃ ማኅበር፣ ኤንቢቲኤችኬ፣ የሚሰጠው ወረቀት ነው፤ ደረጃው ከሆዞን ይጀምራል፣ ከዚያ ቶኩቤትሱ ሆዞን፣ ጁዮ እያለ ይወጣል። ወረቀቱ ላይ ያለውን የጭራ ምስል ከእጃችሁ ካለው ጋር ቀዳዳ በቀዳዳ፣ ጭረት በጭረት አመሳክሩ። ከ1982 በፊት የወጡትን የድሮ ወረቀቶች ገበያው በጥርጣሬ ነው የሚያያቸው። የዝነኛው አንጥረኛ የኮቴትሱ ፊርማ ያለበት ጎራዴ ወረቀት ሳይኖረው ከቀረበላችሁ ሐሰት ነው ብላችሁ ጀምሩ። ሌላው ዝነኛ አንጥረኛ ማሳሙኔ ደግሞ ፊርማ የሚያኖረው ከስንት አንዴ ነበር።

ለሜሪላንዱ ወንድሜ፦ ሾዋቶህን ለመሸጥም ለማሳየትም ብለህ ጃፓን አትውሰደው። በባህላዊ መንገድ ያልተሠራ ስለት እዚያ አይመዘገብም፤ ኬላ ላይ ይወረስብሃል።

መልስ፦ ዝገት_አልወድም

ከገዛኸው በኋላ ስለቱን በንጹሕ አልኮልና በለስላሳ ጨርቅ ከጀርባው በኩል ይዘህ ወደ ጫፉ ብቻ ጥረግ፤ ወዲያና ወዲህ አትበል። ከዚያ ስስ የማዕድን ዘይት፣ ጨርቁን የሚያረጥብ ሳይሆን የሚያወዛ ያህል ብቻ። የተረፈ ዘይት አፎቱ ውስጥ ገብቶ አቧራ ይይዝና ስለቱን ይጭራል። በስድስት ወር አንዴ ይበቃል። ችንካሯን ስትመልስ በገባችበት ቀዳዳ በኩል ሰፊው ጫፏ ውጭ ሆኖ ትግባ፤ በጣት ግፊት ብቻ ዘልቃ የምትወጣ ከሆነ አልቃለችና ከደረቅ ቀርከሃ አዲስ ቅረጽ። እስክትቀርጽ ድረስ ጎራዴውን ከአፎቱ አትምዘዝ።