ንቦቼን ፈራኋቸው፤ ምን ላድርግ?

ቡሬ አጠገብ ከአባቴ የወረስኳቸው አምስት ቀፎዎች አሉኝ። ባለፈው ዓመት ኅዳር ላይ ማር ስቆርጥ አንዲት ንብ በፊት መሸፈኛዬ መረብ ሥር ገብታ ከንፈሬን ነደፈችኝ። መንደፊያዋ ከነመርዝ ከረጢቱ ተሰክቶ ሲርገበገብ በሁለት ጣቴ ጨምቄ ነቀልኩት፤ ለካ ዋናው ነገር ቶሎ ማንሳቱ ነበር! ፊቴ ድፎ ዳቦ አክሎ ሦስት ቀን ከቤት አልወጣሁም።

ከዚያ ወዲህ ቀፎው አጠገብ ስደርስ እጄ ይንቀጠቀጣል፤ የማጨሻው ኩበት በቅጡ ሳይያያዝ ወደ ኋላ እሸሻለሁ። «ተረጋጋ» ማለት ቀላል ነው። ሚስቴማ ሽጣቸው ትላለች፤ የአባቴን ንብ!

አሁን ንቦቹ የሚቀስሙት የዱር አበባ፣ መጩ፣ አብቧል፤ ማሩ ሊደርስ ነው። ሲመሻሽ መክፈቱ ይሻለኝ ይሆን? ያለ ጓንት የምትሠሩ ሰዎች፣ መጀመሪያ ላይ እንዴት ለመዳችሁት?