ክርክር፦ ከበግ እንዲርቅ ያስተማርነው ልጅ የእንስሳት ሕክምና ልማር ቢልስ?

የመሐል ሜዳው፦ ታናሽ ወንድሜ ፍሬሽማን ጨርሶ ዲፓርትመንት ሊመርጥ ነው። 12ኛን ሲያልፍ ሰፈሩ እልል ብሏል፤ በ2014 ከመቶ ተፈታኝ ግማሽ ነጥብ ያመጡት ሦስት ያህል ብቻ እንደነበሩ ሰው አልረሳማ። ውጤቱ ጥሩ ነው፣ ኮምፒውተር ሳይንስ ይደርሰዋል። እሱ ግን የእንስሳት ሕክምና ካልሆነ ብሎ ድርቅ አለ። እኔ ከ8ኛ ያቋረጥኩት በግ የሚጠብቅ ስለጠፋ ነው። ከተማ ቤት ተከራይተን፣ እናታችን በየሳምንቱ በሶና ዳቦ ቆሎ እየቋጠረች ያስተማርነው ተመልሶ በግ እንዲያይ ነው? እስቲ ፍረዱ።

የደብረ ሲናው፦ ወንድሜ፣ አትፍቀድለት። እኔ የእንስሳት ሳይንስ ምሩቅ ነኝ። በ2015 የተጀመረውን የመውጫ ፈተና በመጀመሪያው ዙር አልፌ እስካሁን ቤተሰብ ላይ ነኝ። ዋናው ቀጣሪ መንግሥት ነው፤ ወረዳው ማስታወቂያ ካላወጣ አለቀ። የእንስሳት መድኃኒት ቤት ልክፈት ብትል ፈቃዱም ኪራዩም መድኃኒቱም ገንዘብ ነው። ሙያውን እወደዋለሁ፤ ፍቅር ብቻውን ግን እንጀራ አልሆነኝም።

ከደብረ ብርሃን፦ ፋብሪካዎቻችን የሚፈልጉት ማሽን የሚጠግን ሰው ነው። እኔ ከቴክኒክና ሙያ በደረጃ 4 ወጥቼ፣ ሲኦሲ የሚባለውን የሙያ ብቃት ምዘና አልፌ ተቀጠርኩ። ዲግሪ ዲግሪ ማለት ይብቃን።

መምህር፣ ከሞላሌ፦ የደብረ ሲናው ሕመም ሕመሜ ነው፤ ግን የእንስሳት ሳይንስና የእንስሳት ሕክምና አንድ አይደሉም። ያኛው እርባታና መኖ ላይ ያተኩራል፤ ይኼኛው ሐኪም ያደርጋል፣ ዓመቱም ይረዝማል። ደግሞ የመንዝን በግ ንቀን አንናገር። ከደብረ ብርሃን ግብርና ምርምር ማዕከል ጋር ሆነው አውራውን በጋራ እየመረጡ የሚያራቡት የእኛው ገበሬዎች ናቸው። የተመረጠ አውራ በበሽታ ሲወድቅ ማን ይድረስለት? ልጁ ለምን እንደፈለገው ጠይቀኸዋል?

የመሐል ሜዳው፦ መምህር፣ አልጠየቅኩትም። ሳልጠይቀው ግን አውቀዋለሁ። 7ኛ ክፍል እያለ በአንድ ክረምት ዘጠኝ በግ አለቀብን። አንዷን ስንከፍታት ጉበቷ ውስጥ ቅጠል የሚመስል ጠፍጣፋ ትል ይርመሰመሳል። ጉበቱን በፌስታል ቋጥሮ የሁለት ሰዓት መንገድ በእግሩ ሄደ፤ ሐኪሙ መስክ ወጥቷል ተብሎ እንደያዘው ተመለሰ። ማታ እህል አልቀመሰም። የሥራው ነገር አሁንም ያስፈራኛል፣ የደብረ ሲናው እውነቱን ነው። ቢሆንም ዛሬ ማታ ደውዬ የፈለግከውን ሙላ እለዋለሁ። እናታችንን እኔ አስረዳለሁ።