ባለቤቴ ሕመሙን ለሐኪሞች ይደብቃል፤ ምን ላድርግ?

ጥያቄ፦
የባለቤቴ የፕሮስቴት ካንሰር ወደ አጥንቱ ተሰራጭቶ፣ ሐኪሞቹ በሽታውን ለመግታት ሲሰጡት የቆዩት ሕክምና ከእንግዲህ እንደማይጠቅመው ከነገሩን በኋላ፣ ከሦስት ሳምንት በፊት ወደ ማስታገሻ ሕክምና ክፍል ተዛውሯል። አስታማሚው እኔ ብቻ ነኝ። ያስቸገረኝ ነገር ይህ ነው፦ ሐኪሞቹ ሊጎበኙት ሲመጡ «ደህና ነኝ፣ ተመስገን» ይላቸዋል፤ ከወጡ በኋላ ግን ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ፣ ጣቶቹ እስኪነጡ ድረስ የአልጋውን ብረት ጨብጦ ይይዛል። ሞርፊን የተባለውን ብርቱ የሕመም ማስታገሻ እንዲጀምር ሲጠይቁት «እሱ የመጨረሻው መድኃኒት ነው፤ ገና አልደረስኩም» ብሎ እምቢ አለ። እኔም ሱስ ይሆንበታል ብዬ ስለሰጋሁ አልገፋሁትም። ምግብም ቢሆን ሁለት ሦስት ማንኪያ የሚውጠው እኔን ላለማስቀየም ብቻ እንደሆነ ይገባኛል። እሱን ሳላሳጣው እውነቱን ለሐኪሞቹ እንዴት ልንገራቸው?

መልስ 1፦
እኅቴ፣ በእንዲህ ዓይነት ክፍል ለረጅም ዓመታት ያገለገልሁ ነርስ ነኝ። ሞርፊን የሚታዘዘው ሕመም ሲበረታ እንጂ የግድ ሞት ሲቃረብ አይደለም፤ ለወራት እየወሰዱት የዕለት ኑሯቸውን የሚኖሩ ታማሚዎች አሉ። በሐኪም ክትትል ለሕመም የሚወስደው ሰው ሱስ የሚይዘው ከስንት አንድ ነው፤ ሰውነት መድኃኒቱን መልመዱ ግን ሌላ ነገር ስለሆነ፣ በድንገት አይቋረጥም። በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ቀናት እንቅልፍ እንቅልፍ ሊለውና ሊያቅለሸልሸው ይችላል፤ ይህ አብዛኛውን ጊዜ ያልፋል። የሆድ ድርቀቱ ግን በራሱ ስለማያልፍ፣ አንጀት የሚያለሰልስ መድኃኒት አብሮ ካልታዘዘ ይጠይቁ።

እ.ኤ.አ. በ1967 ለንደን ውስጥ ሆስፒስ (የማይድን ሕመም ያለባቸው ሰዎች የሚታገዙበት ተቋም) ያቋቋሙት ሐኪም ሲሲሊ ሳንደርስ አጥብቀው ካስተማሯቸው ነገሮች አንዱ፣ ሕመሙ ተመልሶ እስኪነሣ ሳይጠበቅ መድኃኒቱ ሰዓቱን ጠብቆ እንዲሰጥ ነው። ባለቤትዎ ችሎ ችሎ ሲያቅተው ብቻ ልውሰድ ቢል፣ ሕመሙን ለማብረድ የሚያስፈልገው መጠን የባሰ ከፍ ይላል። ለአጥንት ሕመም የጨረር ሕክምናም ብዙ ጊዜ ይረዳል፤ ይህንንም ለሐኪሞቹ ያንሡላቸው።

ለነገ የማይባል ነገርም አለ። እግሮቹ በድንገት ቢዝሉ ወይም ቢደነዝዙ፣ ወይም ሽንቱ አልወጣ ቢለው፣ ካንሰሩ የአከርካሪውን ነርቭ ተጭኖት ሊሆን ስለሚችል በዚያው ሰዓት ነርስ ይጥሩ።

እውነቱን መንገር ማሳጣት አይደለም። ሕመሙ በስንት ሰዓት እንደባሰበት፣ ሲገላበጥ ነው ወይስ ዝም ብሎ ተኝቶ እያለ፣ ስንት ሰዓት እንደተኛ በደብተር ይጻፉና ኮሪደር ላይ ለነርሷ ይስጧት።

መልስ 2፦
ባለቤቴን በዚሁ ሁኔታ ያስታመምኩ ሰው ነኝ፤ ካረፈች ሁለት ዓመት ሆናት። ከላይ በተጻፈው እስማማለሁ፤ ስለ ኮሪደሩ ግን አልስማማም። እኔ እንደዚያ አድርጌ ነበር፤ ባወቀች ጊዜ ለሁለት ቀን አላናገረችኝም። ከዚያ በኋላ «ስትደብቂኝ እኮ ብቻዬን ትተዪኛለሽ» አልኳት፤ የልቧን መናገር የጀመረችው ያን ጊዜ ነው። ስለዚህ አስቀድመው ለራሱ ይንገሩትና፣ ሐኪሞቹ ሲመጡ እሱ ባለበት ይናገሩ።

ስለ ምግቡ ደግሞ እባክዎ አያስጨንቁት። በሽታው እዚህ ደረጃ ሲደርስ ሰውነት ምግቡን እንደ ቀድሞው ስለማይጠቀምበት፣ ማስገደዱ ብርታት አይሰጠውም። እኔ ይህን የተረዳሁት ዘግይቼ ነው፤ በየማንኪያው ስንጨቃጨቅ የባከነው ጊዜ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ማንኪያውን ካስቀመጥኩ በኋላ ከንፈሯን በእርጥብ ጨርቅ አረጥብላት፣ ጥፍሯን እቆርጥላት ነበር፤ ጥፍሯን ስቆርጥላት ሁልጊዜ «አሳጠርክብኝ» ብላ ትቆጣኝ ነበር።

መልስ 3፦
ሌሎቹ ያላነሡትን ልጨምር። መናገር ቢያቅተው በእሱ ፈንታ ማን እንዲወስን እንደሚፈልግ፣ ምን ዓይነት ሕክምና እንደማይፈልግ፣ ቤቱ መሆንን ይመርጥ እንደሆነ አሁን አእምሮው ንቁ ሳለ ይጠይቁትና በሕክምና መዝገቡ እንዲሰፍር ያድርጉ። እርስዎም በሳምንት ሁለት ሌሊት እንኳ ሌላ ሰው ተክተው ይተኙ፤ እንቅልፍ ያጣ አስታማሚ የመድኃኒት ሰዓት ይሳሳታል።

ከጠያቂዋ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ትናንት ምሽት «ብረቱን ስትጨብጥ አይሃለሁ» አልኩት። ለረጅም ጊዜ ዝም ብሎ ቆይቶ «አንቺ የተኛሽ መስሎኝ ነበር» አለኝ። ዛሬ ጠዋት ሐኪሟ ስትመጣ፣ እኔ ሳልጀምር ሌሊት ሌሊት እንደሚብስበት ራሱ ነገራት። ሞርፊኑን ለሦስት ቀን ልሞክረው ብሏል፤ የሚያለሰልሰውም አብሮ ታዟል። ስለ ውሳኔው ሰው ግን ገና አልጠየቅሁትም።