«ሂንድ»ን ጢሰኛ ማለት ያስኬዳል? ስለ ስኮትላንድ የእርሻ ሠራተኛ ቤት ቃላት

የቃል ወዳጅ፦
በ19ኛው ክፍለ ዘመን ስለነበሩ የስኮትላንድ ገጠር ሠራተኞች ኑሮ እየተረጎምኩ ነው። «ሂንድ» የሚባለውን ሰው ጢሰኛ ልበለው? «አርልዝ»፣ «ብሮዝ» እና «ባት ኤንድ ቤን»ም አስቸግረውኛል።

ወለተ ፊደል፦
ጢሰኛስ አይሆንም፣ ወንድሜ። ጢሰኛ በሰው መሬት ላይ ጎጆ ቀልሶ፣ ለራሱ አርሶ ከምርቱ የሚያካፍል ነው። ሂንድ ግን የሚያርሰው ሁሉ የጌታው ነው፤ በሎዚያንና በቤሪክሻየር አካባቢ ለዓመት የሚቀጠር ባለትዳር አራሽ። ደመወዙም በአብዛኛው በዓይነት ነበር፦ አጃ፣ ገብስ፣ አተር፣ የድንች መትከያ ቦታ፣ የአንዲት ላም ቀለብ። ይህን «ድርጎ» ብትለው ልክ ይገባል። ቤቱ የሚሰጠው ከሥራው ጋር ስለሆነ ውሉ ካልታደሰ ሚስትና ልጆች ዕቃቸውን በጋሪ ጭነው በግንቦት ይለቃሉ።

ሁሌ የሚከነክነኝ ደግሞ ይኸው ነው፦ ሂንዱ ሲቀጠር አንዲት የእርሻ ሴት ሠራተኛ ጨምሮ ማቅረብ ነበረበት። ለሥራ የደረሰች ልጅ ወይም እህት ከሌለው ከውጭ ቀጥሮ፣ በዚያች ጠባብ ቤት አሳድሮና አብልቶ ነው። «ቦንዴጀር» ይሏታል። አደራ፣ እሷን እንዳትዘላት።

የድሮ መምህር፦
አርልዝ ቀብድ ነው። በቅጥር ገበያ ቀን ገበሬው ከሠራተኛው ጋር ሲስማማ ሳንቲም፣ ብዙ ጊዜ አንድ ሺሊንግ፣ በእጁ ያስጨብጠዋል፤ ከተቀበለ ውሉ ታሰረ። የቃሉ ዘር ግን ደስ ይላል። አርልዝ ከላቲኑ «አራ» ወረደ፤ እሱም ከግሪኩ «አራቦን»፤ ግሪኮች ደግሞ ከሴማውያን ወሰዱት። በግዕዝ «ዐረቦን» የምንለው፣ ዛሬ ለመድን ክፍያ የምንጠራበት፣ ያው ቃል ነው! ለትርጉሙ ግን ቀብድን ይያዙ፤ ዐረቦን ካሉ አንባቢው ኢንሹራንስ ይመስለዋል።

የቃል ወዳጅ፦
እግዜር ይስጥልኝ፣ መምህር። ብሮዝስ በሶ ነው?

ወለተ ፊደል፦
ድምፁ ይቀራረባል እንጂ ዝምድና የላቸውም። በሶ የተቆላ ገብስ ነው። ብሮዝ የአጃ ዱቄት በጎድጓዳ ሳህን ተደርጎ፣ ጨው ጣል ተደርጎበት፣ የፈላ ውሃ እየፈሰሰበት በማንኪያ እጀታ የሚማሰል ነው፤ እሳት ላይ አይወጣም። በአንገስና በፐርዝሻየር ላጤ አራሾች «ቦቲ» በሚባል ማደሪያ አብሳይ ሳይኖራቸው ተሰብስበው ይኖሩ ስለነበር፣ ከሥራ ደክሞ ለገባ ሰው ከዚህ የፈጠነ ምግብ አልነበረም። የዓመት ድርጎአቸው በብዙ ቦታ 6½ ቦል የአጃ ዱቄት ነበር፤ ከ400 ኪሎ በላይ ማለት ነው።

የድሮ መምህር፦
«ባት ኤንድ ቤን» ባለ ሁለት ክፍል ጎጆ ነው። «ባት» እሳቱ የሚነድበት፣ ቤተሰቡ የሚውልበት ፊተኛው ክፍል፤ «ቤን» የውስጠኛው። ቤንን ጓዳ እንዳይሉት። የእኛ ጓዳ እንግዳ አይገባበትም፤ እነሱ ዘንድ «ወደ ቤን ግባ» ማለት እንግዳን ማክበር ነው። ከአንድ ሰው ጋር «ሩቅ ቤን» የደረሰ ሲሉም ባለሟሉ ነው ማለታቸው ነው። ሁለት ክፍልም ለሁሉ አልደረሰም፦ በ1861 የሕዝብ ቆጠራ ከስኮትላንድ ቤቶች ሲሶ ያህሉ ባለ አንድ ክፍል ነበሩ። እዚያ ቤቱን የሚከፍለው የእንጨት ግድግዳና መዝጊያ ያለው ሣጥን አልጋ ነበር።

የቃል ወዳጅ፦
ቤንን እልፍኝ ብለውስ?

የድሮ መምህር፦
እልፍኝ የመኳንንት ቤት ያስመስለዋል። «ውስጠኛው ክፍል» ይበሉት፤ ቦንዴጀርን ግን ሳይተረጉሙ እንዳለች ያስገቧት።