ሁለት ማውንቴን ሳይክል በፒካፕ እንዴት ልጫን?

ሰላም ቤተሰብ፣ እስቲ አማክሩኝ። ቅዳሜ ከወንድሜ ጋር ሁለት ማውንቴን ሳይክል በፒካፕ ጭነን ከኮምቦልቻ ደሴ ወጣን፣ ጦሳ ተራራ ስር ልንነዳ። መንገዱን ታውቁታላችሁ፣ ዳገቱና ጥምዝምዙ አያስቀምጥም። ደራርበን አስተኝተን በሲባጎ አሰርናቸው (ሞኝነት ነው፣ አውቃለሁ)። ደርሰን ስናይ የአንዱ ፔዳል የሌላውን ቀለም እስከ ብረቱ ልጦታል፣ የኔ የኋላ ማርሽ ደግሞ ወደ ውስጥ ታጥፎ የጎማውን ሽቦ እየነካ ቀጭ ቀጭ ይላል።

አሁን ያሰብኩት በኋላው ስፖንዳ ላይ ወፍራም ብርድ ልብስ ጥዬ የፊት ጎማቸውን ወደ ውጭ ማንጠልጠል ነው። ግን የፍሬማቸውን የታችኛውን ቱቦ አይፈገፍገውም? ወይስ የፊት ጎማ ፈትቶ ጎማውን የሚይዘውን ሹካ እንጨት ላይ ማሰር ይሻላል? ዲስክ ፍሬን ስለሆነ ጎማው ወጥቶ ሳለ አንዱ ፍሬኑን ከጨበጠው ሸራዎቹ ይገጥሙና ጎማው አልገባም ይላል፣ ወንድሜ ደግሞ እጁ አያርፍም። የሞከራችሁ ንገሩኝ፣ እሁድ ልንወጣ ነው።