ስፓኒሽ ትቀጥል ወይስ ታቋርጥ?

ልጄ እዚህ አሜሪካ አሥረኛ ክፍልን እየጨረሰች ነው። የስፓኒሽ ሁለተኛ ዓመት ትምህርቷን በጥሩ ውጤት አጠናቅቃለች። ለመጪው ዓመት በሚሞላው ቅጽ ላይ ግን ሦስተኛው ዓመት ስፓኒሽና ከፍተኛው የፊዚክስ ትምህርት በአንድ ክፍለ ጊዜ ተደራርበዋል፤ አንዱ ይቀራል ማለት ነው። እርሷ ምህንድስና ነው የምትፈልገው።

የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ከእንግሊዝኛ ሌላ በአንድ ቋንቋ ቢያንስ የ2 ዓመት ትምህርት ይጠይቃል፤ 3 ዓመት ቢሆን ደግሞ ይመክራል። ሃርቫርድ 4 ዓመት ይመክራል። ግዴታውን አሟልታለች፤ ጭንቀቴ ምክሩ ላይ ነው። ለምህንድስና አመልካች የቋንቋው መቋረጥ ይጎዳል ወይስ የፊዚክሱ መጉደል? የትምህርት አማካሪዋን ብንጠይቅ «ሁለቱም ጥሩ ነው» ብሎ ሸኘን። ይህንንማ እኛም አላጣነውም!

ሌላም ጥያቄ አለኝ። አማርኛ አቀላጥፋ ትናገራለች፤ ታነባለች፤ ትጽፋለችም። ይህ በትምህርት ቤት ውጤት መግለጫዋ ላይ የለም። ማመልከቻው ላይ እንዴት ብታሰፍረው ክብደት ይሰጠዋል? ፈተና ወይም ማስረጃስ ያስፈልጋል? ስፓኒሹን በበጋው የትምህርት ቤት ዕረፍት ወይም በኮሚዩኒቲ ኮሌጅ (የሁለት ዓመት የአካባቢ ኮሌጅ) ያስቀጠለ ወላጅ ካለ፣ ዩኒቨርሲቲዎቹ እንዴት እንደተቀበሉት እባካችሁ ንገሩኝ። ቅጹ በሚቀጥለው ሳምንት ይመለሳል።