ልምምድ ላይ የሚገባው ፎርሃንዴ ጨዋታ ላይ ይጠፋብኛል

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። ጠረጴዛ ቴኒስ ከጀመርኩ 2 ዓመት ሆነኝ። በዝግታ ስንቀባበል ፎርሃንዴ (በመዳፌ በኩል የምመታው ምት) 30፣ 40 ኳስ ሳይቋረጥ ይሄዳል። ነጥብ መቁጠር ስንጀምር ግን ሦስተኛው ወይ አራተኛው ላይ ይበላሻል።

በተለይ ተቆርጦ፣ ማለትም ወደ ኋላ እየተሽከረከረ የሚመጣው ኳስ አስቸግሮኛል። መረቡ 15.25 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው፤ እሱን ማሻገር አቃተኝ። ራኬቱን ከፈት አድርጌ ከታች ወደ ላይ ስጠርገው ያልፋል። ስቸኩል ግን እረሳዋለሁ። በስልክ ቀርጬ ሳየው እግሬ እንደተተከለ ነው፣ የምዘረጋው እጄን ብቻ ነው።

አሰልጣኝ የለኝም፤ ያለኝ አንድ ጓደኛና አንድ ባልዲ ኳስ ነው። መጀመሪያ እግሬን ላስተካክል ወይስ ምቴን? ጓደኛዬ ኳሱን እንዴት እያፈራረቀ ቢሰጠኝ ይሻላል? ይህን ያለፋችሁ ካላችሁ እባካችሁ በዝርዝር ንገሩኝ።